ሁለት ቀን፣ አንድ ሌሊት፦ ከድሬዳዋ ወጥቶ ገጠር ጓደኛ ቤት የማደር ዝርዝር መመሪያ

ለበጎ ፈቃድ ሥራ ድሬዳዋ የመጣ ሰው ሁለተኛው ወር ላይ ይዝላል። ሙቀቱ አለ፣ ሥራው አለ፣ የተከራየው ክፍል ቆርቆሮ ጣራ አለ። ያኔ አብሮት የሚሠራው የአካባቢው ልጅ "ቅዳሜ እኛ ቤት እንሂድ፣ ገጠር ነው፣ ቀዝቀዝ ይላል" ይለዋል። ይሄዳል። እሁድ ማታ ሲመለስ ግን ወይ ሆዱን ታሟል፣ ወይ ጓደኛውን አሳፍሯል፤ አለበለዚያም መኪና አጥቶ ሰኞ ሥራ ቀርቷል። ሦስቱም ደርሰውብኛል። በየዓመቱ የሚመጡትም ልጆች እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ስላየሁ ነው ይህን የጻፍኩት።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ያዙ። የገጠር ቤተሰብ እንግዳን "ይሄ አስቸግሮናል" አይለውም። ስትሳሳቱም "ችግር የለም" ነው መልሱ። እዚያ ደርሳችሁ በመጠየቅ የምታውቁት ነገር የለም ማለት ነው። ሁሉም ነገር ከመነሳታችሁ በፊት በጓደኛችሁ በኩል ማለቅ አለበት።

የምጽፈው የደንገጎን ዳገት ወጥቶ በሐረማያ፣ በአወዳይና በሐረር በኩል፣ ወይም ወደ ቁሉቢ አቅጣጫ ስላለው ገጠር ነው። ከሐረር የምትነሱ ከሆነ የዳገቱን ነገር ዝለሉት፤ ሌላው ያው ነው።

1. ቀን ምረጡ (ከሁለት ሳምንት በፊት)

"የሚመቻችሁ ቀን መቼ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ሁሌም ይመቸናል" ትባላላችሁ። ይልቅ ጓደኛችሁን እነዚህን ጠይቁት።

የገበያው ቀን መቼ ነው? ወደ ውስጥ የሚገባ መኪና በብዛት የሚገኘው በገበያ ቀን ነው። በሌላው ቀን ከአስፋልቱ ወርዳችሁ በእግር ልትሄዱ ትችላላችሁ፤ "ቅርብ ነው" የሚባለው መንገድም ለለመደው ሰው ነው ቅርቡ።

አዝመራው የት ደርሷል? ማሽላ የሚሰበሰበው ህዳርና ታህሳስ ላይ ነው። ያን ጊዜ መላው ቤተሰብ ማሳ ላይ ይውላል። ለመርዳት ከሆነ ሂዱ፤ ለመዝናናት ከሆነ አሳልፉት።

ረመዳን ነው? ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነ (አብዛኛው የሐረርጌ ገጠር ነው) በጾሙ ቀን መሄድ አይከለከልም። እንዲያውም ማፍጠሪያ ላይ የተገኘ እንግዳ ደስ ያሰኛል። ግን እናትየው ጾም ይዛ ምሳ እንድትሠራላችሁ አታድርጉ። ብስኩት ያዙና ከሰው ዓይን ራቅ ብላችሁ ብሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከዒድ በኋላ ብታደርጉት ይሻላል።

ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19ን ዝለሉ። የቁሉቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። በእነዚያ ቀናት አካባቢ በዚያ መንገድ መቀመጫ ማግኘት ዕድል ነው፤ ብታገኙም ዋጋው ሌላ ነው።

ዝናቡንም አስቡ። ሐምሌና ነሐሴ ከአስፋልት የሚገነጠለው መንገድ ጭቃ ነው፤ ባጃጅም አይገባበት።

2. ከጓደኛችሁ ጋር የሚያልቀው ንግግር

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ጉዞው የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው።

ሀ. ሥጋ

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ጓደኛዬ ሙስሊም። መሥሪያ ቤት አብረን ሽሮ እንበላለን፣ ጉዳዩ ተነስቶ አያውቅም። ቤታቸው ስንደርስ ደጃፉ ላይ የፍየል ቆዳ ተዘርግቷል፤ እርጥብ ነው፣ ጨው ነስንሰውበታል። ያቺን አንዷን ፍየል ለእኔ ብለው አርደዋት ነበር። ትሪው መጣ። እኔ የሽሮውን ዳር ዳር ስነካካ እናትየው አየችኝ። ምንም አላለችም። ተነስታ እንቁላል ጠበሰች። ጓደኛዬ ያን ቀን ቀና ብሎ አላየኝም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሳምንት በፊት አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። እናንተ በዚህ ቅደም ተከተል አድርጉት፦

- ለጓደኛችሁ በግልጽ ንገሩት፦ "ሥጋ አልበላም፤ ለእኔ ብለው እንዳያርዱ ንገርልኝ።" በአገራችን ይህ ስድብ አይደለም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ነውሩ ከታረደ በኋላ መናገር ነው።
- የምትበሉትንም ጨምሩ፦ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ገንፎ። አለበለዚያ ምን እንደሚያቀርቡላችሁ ይጨነቃሉ።
- ጾመኛ ከሆናችሁ ወተቱና እንቁላሉም እንደማይሆን አብራችሁ ተናገሩ። "እንግዳው ምንም አይበላም" የሚለው ወሬ ከዚህ ነው የሚመጣው።
- የራሳችሁን ሥጋ ወይም ዶሮ ይዛችሁ አትሂዱ። ድስቱ የእነሱ ነው። ቢራና አረቄም እንደዚሁ።

ሙስሊም ሆናችሁ ወደ ክርስቲያን ቤት የምትሄዱም ያው ንግግር ነው፣ ገልብጡት።

ዘግይቶ ትዝ ቢላችሁስ? መኪና ውስጥ ሆናችሁም ቢሆን ጓደኛችሁ ይደውል። ታርዶ ከጠበቃችሁ ደግሞ አታስመስሉ፤ ጎረቤት እንዲጠራበት በጓደኛችሁ በኩል አሳስቡ። እናንተ ሽሮውን ደህና አድርጋችሁ ብሉ። እንደ እኔ ዳር ዳሩን አትነካኩ።

ለ. መኝታ

ማን የት እንደሚተኛ ጠይቁ። ሴት እንግዳ ከእህቶቹ ጋር፣ ወንድ ከወንዶቹ ጋር ነው ልማዱ። ያልተጋቡ ጥንዶች ለየብቻ እንደሚያድሩ አውቃችሁ ሂዱ፤ እዚያ ደርሳችሁ ክርክር አትክፈቱ።

ሐ. "ከድርጅት የመጣ ሰው"

በጎ ፈቃደኛ ናችሁ። ሰፈሩ ውስጥ የሚወራው ግን "ከድርጅት ሰው መጣ" ነው። ጓደኛችሁ ቀደም ብሎ "ጓደኛዬ ነው፣ ለእረፍት ነው የሚመጣው" ብሎ እንዲናገር አድርጉ። ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ አትዙሩ። ስለ ውሃ ጉድጓድ፣ ስለ ትምህርት ቤት ከተነሳ ስሙ እንጂ "እናያለን" አትበሉ። በከተማ "እናያለን" ማለት "አይሆንም" ነው። ገጠር ላይ ቃል ነው። የሚጠየቀው ደግሞ ጓደኛችሁ ነው።

መ. ለማን ይነገር

ለአስተባባሪያችሁ የምትሄዱበትን ቀበሌ፣ የጓደኛችሁን ስልክና የምትመለሱበትን ሰዓት ጽፋችሁ ስጡ። አባወራው ደግሞ እንግዳ እንደሚያድር ለቀበሌው ሊቀመንበር ቢነግር ጥሩ ነው። ማታ ሚሊሻ መጥቶ "ማነው?" ሲል መልሱ ከእናንተ ባይሆን ይመረጣል።

3. ሻንጣ

አንድ የጀርባ ቦርሳ ይበቃል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረማያ ዙሪያ 2,000 ሜትር ገደማ። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር በላብ ተነክሮ የተነሳ ሰው ማታ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። እናም ጃኬት ወይም ጋቢ የግድ ነው።

ከዚያ ሌላ፦ መታወቂያና የምትሠሩበት ተቋም የሰጣችሁ ደብዳቤ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሙሉ የተሞላ ፓወር ባንክ፣ ሶፍት፣ ሳሙና፣ ቀጭን አንሶላ (ቁንጫ ይወዳችኋል)፣ ሁለት እሽግ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት)፣ ዝርዝር ብር። ሴቶች ረጅም ቀሚስና ሻሽ፤ ወንዶች ቁምጣችሁን ድሬ ተዉት። የሚወልቅ ጫማ አድርጉ፤ በየበሩ ማሰሪያ ስትፈቱ እንዳትውሉ።

ቤተሰቡ ያለው ቆላ ከሆነ፣ ለምሳሌ በኤረር በኩል፣ ነገሩ ይገለበጣል። ጃኬቱ ይቅርና አጎበር ያዙ። በተለይ ከመስከረም እስከ ህዳር ወባው አይቀለድበትም።

4. ስጦታ

ስኳር 2 ኪሎ፣ ዘይት፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙና። አለቀ። የከተማ ሰው ኬክ ገዝቶ ይሄዳል፤ ዳገቱ ላይ ተጨፍልቆ ይደርሳል። ጫት አምራች ቀበሌ ጫት ገዝቶ የሄደም አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ይስቁበታል።

አሰጣጡ፦ ገብታችሁ እንደተቀመጣችሁ አታውጡት። ጓደኛችሁ ለእናቱ ወደ ጓዳ ያስገባው። ሰው ፊት ገንዘብ አትስጡ፣ ለሕፃናትም ሳንቲም አትበትኑ፤ በማግስቱ ሰላሳ ልጅ በር ላይ ይጠብቃችኋል። ለልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ ካመጣችሁ ለእናትየው ስጡና እሷ ታድል።

5. መንገድ

1) ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ድረሱ። ሚኒባሱ የሚነሳው ሲሞላ ነው፤ ጠዋት ቶሎ ይሞላል።

2) ከመሳፈራችሁ በፊት ጓደኛችሁ ወደ ቤት ይደውልና መንገዱ ሰላም መሆኑን ይጠይቅ። "እዚህ ትንሽ ነገር አለ" ከተባለ ሌላ ጥያቄ አታብዙ። ቅሩ።

3) ፊት ወይም መሐል ላይ ተቀመጡ። የደንገጎ ጠመዝማዛ ኋላ ወንበር ላይ ያለውን ሰው ነው የሚያዞረው። ቁርስ ቀለል ይበል። ሎሚ ያዙ። መስኮት እንዲከፈት መለመን ትችላላችሁ፤ ግን ነፋስ የሚፈሩ እናት ከጎናችሁ ካሉ ተስፋ ቁረጡ።

4) የማንንም ዕቃ አትያዙ። ይህን አስምሩበት። በዚህ መስመር ፍተሻ አለ፣ ኮንትሮባንድም አለ። "ይቺን ፌስታል ከእግርህ ሥር አድርግልኝ" የምትል ደግ የምትመስል ሴትዮ አትጠፋም። ፍተሻ ላይ ፌስታሉ የማነው ሲባል እሷ በመስኮት ተራራውን ታያለች። መልሱ አንድ ነው፦ "ይቅርታ እናቴ፣ አልችልም።" ቦርሳችሁንም ራሳችሁ ክፈቱ፤ ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ አታንሱ።

5) ደንገጎ ላይ መንገዱ ይከፈላል። ወደ ግራ ሐረማያ፣ አወዳይ፣ ሐረር፤ ወደ ቀኝ ቁሉቢና አዲስ አበባ። ጓደኛችሁ አብሯችሁ ከሌለ ወራጅ የምትሉበትን ቦታ ስም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለረዳቱ ስጡት። ድሬዳዋና ሐረር መካከል ያለው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብታልፉት እንኳ መመለሻ መኪና አይጠፋም። አትደናገጡ፣ ውረዱና ተሻገሩ።

6) ከአስፋልት ወደ ውስጥ ባጃጅ ከያዛችሁ ዋጋውን ከመውጣታችሁ በፊት ጓደኛችሁ ይነጋገር። እናንተ አፋችሁን ከከፈታችሁ ዋጋው ይጨምራል።

6. ደጃፍ ላይ

ወደ ቤት ዘላችሁ አትግቡ። ከአጥሩ ቆማችሁ ጓደኛችሁ ይቅደም። ሰላምታ ከሽማግሌው ይጀምራል። "አሰላሙ አለይኩም" በቂ ነው፤ ኦሮምኛ ብትጨምሩበት ደግሞ ፊታቸው ይበራል። ጠዋት "አካም ቡልታን"፣ ከሰዓት "አካም ኦልታን"። ለምስጋና "ገላቶማ"። ስትጠግቡ "ቁፌራ"። እነዚህን አራት መኪና ውስጥ ተለማመዷቸው።

ሴት ለወንድ፣ ወንድ ለሴት ቀድሞ እጅ አይዘርጋ። ከተዘረጋላችሁ ጨብጡ፤ ካልተዘረጋ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። እናትና አባቱን ምን ብላችሁ እንደምትጠሩ ጓደኛችሁን ጠይቁት፤ እሱ በሚጠራቸው ቃል ብትጠሯቸው ትልቅ ነገር ነው። አንቱታውን ግን እንዳትረሱ።

እጅ ወደ መዘርጋት ቸኩላችሁ ከሆነስ? መልሱት፣ ፈገግ በሉ፣ ሰላምታውን ቀጥሉ። በረጅሙ ይቅርታ መጠየቅ ነው የሚያሳፍራቸው።

7. ማዕድ

ጆግና ሳህን ይዞ የሚመጣ ልጅ አለ፤ እጃችሁን ታጠቡ። በቀኝ እጅ ብሉ። ከፊታችሁ ያለውን ብሉ። የማሽላ እንጀራ፣ ገንፎ፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ አብሽ ተመትቶ የሚዘጋጀው ሁልበት ይመጣል።

ሁለት ጥንቃቄዎች። አንደኛ፣ ጥሬ ወተት። "ከላሟ አሁን ነው የታለበው" ብለው በደስታ ያመጡላችኋል። ያልተፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ላልለመደ ሆድም ይከብዳል። አትመልሱት፤ "ሆጃ ብሆን ደስ ይለኛል" በሉ። ሆጃ ከቡና ገለባ ከወተት ጋር ተፈልቶ የሚጠጣ ነው። ተፈልቷል፣ ይጣፍጣል፣ እነሱም ደስ ይላቸዋል። እኔ ከዚያ ቤት ያተረፍኩት ሱስ ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃ። የፕላስቲክ ውሃ ገዝታችሁ ያዙ፤ ግን ሰው ፊት እየደረደራችሁ የእነሱን ውሃ አትጠየፉ። በቦርሳ ይሁን። ካለቀባችሁ ሻይ ጠይቁ፤ የፈላ ውሃ ነው።

ሳህኑን አጥርጋችሁ ከበላችሁ ይጨመራል። ሲበቃችሁ ትንሽ አስተርፉ፣ "ቁፌራ፣ ገላቶማ" በሉ። ሦስቴ ትለመናላችሁ። ሦስተኛው ላይ አንድ ጉርሻ ውሰዱና ይበቃል።

8. ከሰዓት በኋላ፦ በርጫ

ከምሳ በኋላ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ትራስ ይደረደራል፣ ጫት ይመጣል። የሰፈሩ ወሬ የሚሰማው እዚህ ነው፤ ስለዚህ "እኔ አልቅምም" ብላችሁ ክፍላችሁ ገብታችሁ አትተኙ። ተቀመጡ። ቀንበጥ ቢሰጣችሁ በእጃችሁ ያዙ፣ ሻይ ጠጡ። ማንም ለምን አልቃምክም አይላችሁም።

ከቃማችሁ ደግሞ በባዶ ሆድ አይሁን። ውሃ ጠጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀንበጥ ይበቃል። የልብ ሕመም ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው አይንካው። እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ ጣራውን እየቆጠራችሁ ማደር ነው፤ መድኃኒት የለውም።

ሴቶች እንግዶች ብዙ ጊዜ ከእናትየው ጋር ጓዳ ነው የሚውሉት። የእኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ፣ የተሻለው ወሬ እዚያ ነው። ሽንኩርት መክተፍም፣ ቡና መውቀጥም አለ፤ "እንግዳ ነሽ ተቀመጪ" ቢሉም እጃችሁን አስገቡ።

ፎቶ ማንሳት ያማራችሁ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን አይሁን። እሁድ ጠዋት፣ ጠይቃችሁ። ሴቶችን ደግሞ እሺ ካላሉ በፍጹም።

9. ሌሊት

ሽንት ቤቱን በቀን እዩት። የት እንደሆነ፣ በሩ እንዴት እንደሚዘጋ፣ መንገዱ ላይ ምን እንዳለ። ከመተኛታችሁ በፊት ሂዱ። ሌሊት ከመጣባችሁ ብቻችሁን አትውጡ፤ ጓደኛችሁን ቀስቅሱ።

እኔ ታናሽ ወንድሙን ነበር የቀሰቀስኩት፤ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ባትሪውን ወደ አጥሩ ሳዞር ሁለት ዓይን በራ፤ አረንጓዴ። ደርቄ ቀረሁ። ልጁ አዛጋና "ችግር የለም፣ የሰፈር ነው" አለኝ። ጅቡን ማለቱ ነው። ድንጋይ አንስቶ ወረወረ፤ ዓይኖቹ ጠፉ። ከዚያ እኔ እስክጨርስ በሩ ላይ ቆሞ ያፏጭ ነበር።

10. ሆድ ቢቃወስ

በመጀመሪያ ለጓደኛችሁ ንገሩት፤ አትደብቁ። አንድ እሽግ ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጡና ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ከሌለ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ልኩን አትለፉ፤ ጨው ሲበዛ ያባብሳል። ቦርሳ ውስጥ የተገኘ አንቲባዮቲክ አትዋጡ። ደም ካለው፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይም ውሃም ካልረጋ፣ ጉዞው አበቃ፤ በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

11. እሁድ፦ መውጣት

ብዙ ሰው ሰኞ ሥራ የሚቀረው ምሳ ላይ ስለሚሸነፍ ነው። "ምሳ ሳትበሉ?" ይባላል፣ ምሳው ይዘገያል፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ መኪና የለም። ከሰዓት በኋላ ከገጠር የሚወጣ መኪና እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ፦

- ቅዳሜ ማታ "ነገ 6 ሰዓት ላይ መውጣት አለብን" ብሎ ጓደኛችሁ ለእናቱ ይንገር። ምሳው በዚያ ልክ ይደርሳል።
- 8 ሰዓት ላይ አስፋልት ዳር ቆማችሁ ተገኙ።
- መኪና ከጠፋ ወደ ሐረር የሚሄደውንም ያዙ፤ ከሐረር ወደ ድሬ ማግኘት ይቀላል። በጭነት አይሱዙ ላይ በጨለማ ደንገጎን አትውረዱ። አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል፤ ለአስተባባሪያችሁ ደውሉ።

ስትወጡ አንድ ነገር ይታሰርላችኋል። ስኳር ድንች፣ ማሽላ፣ ጫት፣ አንዳንዴ ቅቤ በትንሽ ጣሳ። "ይከብደኛል" አትበሉ። ተቀበሉ፣ በሁለት እጅ። ጫት ከሆነና ካልቃማችሁት መሥሪያ ቤት ዘበኛው ይመርቃችኋል።

ድሬ ስትገቡ በዚያው ማታ ደውሉ። "በሰላም ገባን" የሚለውን እናትየዋ ራሷ ትስማ፤ ቋንቋው ባይገጥምም ድምፃችሁ ይበቃታል። ጣሳውን እጠቡ። በሚቀጥለው ሳምንት ጓደኛችሁ ሲሄድ ስኳር ሞልታችሁ ላኩት።